የግራ ዓይን

ሐሙስ ማታ ጠፋ፣ ከደይድ ስመለስ፣
ጭው ባለው አስፋልት፣ አሸዋው ሲላወስ፤
አንዴ ብልጭ አለ፣ አንዴ ተንፈራገጠ፣
እንደሚያጣጥር ሰው ግራ ዓይኗ ፈጠጠ፤
ከዚያ ጨለመ።

«አንድ ዓይን ያለው ባፈር አይጫወትም» አሉ፤
ያሉት ሰዎች ሁሉ
ደይድን አላዩ፣ ነፋስ ሲያነሣው አሸዋውን በሙሉ።
ሦስት ሳምንት ነዳሁ በቀኙ ብቻ፣
ፖሊስ ባየሁ ቁጥር እየፈለግሁ መሸሻ።

ቅዳሜ ሻርጃ ሰናዒያ ገባሁ።
ቅባት በጠጣ መሬት፣ በጎማ ቁልል መሀል፣
የተጨራመተ በር፣ የተጋጨ ኮፈን፣ እንደ ልብስ ተሰቅሏል።
ባለሱቁ ኮያ፣ የኬረላው ሰው፣
አረብኛውን በኡርዱ፣ እንግሊዝኛውን በእጁ እየለወሰው፣
«ሞዴሏ?» አለኝ።
«የሁለት ሺህ አምስት ኮሮላ፣
በሦስት ሰው እጅ ያለፈች፣ ቀለሟን ፀሐይ የበላ።»
ሣቀና ከመደርደሪያው ሦስት ካርቶን አወረደ፣
አሮጌ ባትሪ ጎትቶ ሽቦውን አዋደደ፣
በጓሮው ግድግዳ ላይ አንድ በአንድ እያነደደ
አሳየኝ።

መጀመሪያ ነጩ።
እንዴት ያለ ነጭ ነው እናንተ፣ የሠርግ ቤት ይመስላል፤
የግድግዳውን ስንጥቅ፣ የጉንዳኑን መንገድ ለይቶ ያነባል።
«ስድስት ሺህ ኬልቪን» አለኝ፣ የልጁን ማዕረግ እንደሚያወራ አባት፣
«ዋስትናው ሁለት ዓመት፤
መቶ አርባ ድርሃም ለጥንዱ፣ ላንቺ መቶ ሃያ።»
ቀጥሎ ሰማያዊ መሳይ፣ የጎረምሳ መታያ፤
እሱን እለፈው አልኩት።
በመጨረሻ ቢጫ፣
ተራ ሃሎጅን፣ ካርቶኑ የተቀደደ፣ የእርድ ውሃ የመሰለ፣
ሠላሳ አምስት ብቻ።
«ይሄ የድሮ ነው» አለ፣ እጁን ሰደደ ሊያጠፋው።
«ቆይ፣ አታጥፋው።»

ነጩን ወደድኩት፣ አልዋሽም።
ሰባት ዓመት የሰው ሳሎን ክሪስታል መብራት ስወለውል ኖሬ፣
የኔ በምለው ነገር ላይ ደምቄ ብታይ ምን አለ፣ ዛሬ?
ግን ያን ነጭ አውቀዋለሁ፤ ከፊት ለፊት መጥቶ
ስንቴ መስመር አስቶኛል፣ ዓይኔን ባንዴ በልቶ፤
ባለቤቱ አርቆ ሲያይ፣ እኔ ማየት ተስኖኝ፣
የመንገዱን ጠርዝ በጎማ ስዳብስ፣ ግመል ቆሞ ሲያየኝ።
ደግሞ ታኅሣሥ ደርሷል፤ ጉሙ ከባሕር ወጥቶ
አስፋልቱ ላይ ሊተኛ ነው፣ ፎቁን ሁሉ ውጦ።
ነጩ ጉሙን ሲመታው፣ ጉሙ መልሶ ይመታኛል፣
ግድግዳ ይሆንብኛል፤
ቢጫው ግን ዝቅ ብሎ፣ ከሥር ከሥሩ ገብቶ
መስመሯን ያሳየኛል።

«ቢጫዋን ስጠኝ።»
ኮያ ራሱን ነቀነቀ፣
ምክር እንደማይሰማ በሽተኛ ታዝቦኝ ሣቀ።
«አንዷን ብቻ?»
«አንዷን።»
«እህቴ፣ አንዷ አዲስ አንዷ አሮጌ ከሆነች፣ መኪናሽ ሸውራራ ትሆናለች፤
አንዱ ዓይን ሲሮጥ፣ አንዱ ሲያነክስ፣ ታደናግርሻለች።»
እውነቱን ነው። ጥንዱን ገዛሁ።
ደህና የነበረውን የቀኙን በሶፍት ጠቅልዬ
ዳሽቦርዱ ኪስ ከተትኩት፣ ለክፉ ቀን ብዬ።

ልገጥም ስል «ጣትሽን!» ብሎ ጮኸ።
«መስታወቱን አትንኪ! የሰው ወዝ ካረፈበት፣ ሲግል ይፈነዳል፤
ሺህ ሰዓት የሚቆየው በሳምንት ይነዳል።»
እጄን አየሁት። በረኪና የበላው፣ አሻራ የሌለው፣
የኢሚግሬሽኑ ማሽን ሦስቴ አስጭኖ «ማን ነሽ?» ያለው።
እዚህ ደግሞ ወዝ አለው።

ሰኞ ንጋት፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሙወይላ አደባባይ።
ጉሙ ወርዶ፣ ምሰሶው እንኳ ከወገቡ በላይ አይታይ።
ልጆቹ ከአጥሩ ሥር ተደርድረዋል፣ ወደ ሥራ የማደርሳቸው፦
ዘምዘም፣ እልፍነሽ፣ ፊሊፒኗ ሮወና፣ ምሳቸው በጉያቸው።
አንድ ነጭ አለፈ፣ አልተነሡም።
ሌላ ነጭ አለፈ፣ አልተነሡም።
እኔም ደረስኩ፣ ፊታቸው ቆምኩ።
አልተነሡም።
ዘምዘም በላዬ አሻግራ መንገዱን ታያለች።
መስኮቱን አወረድኩ፤ «ማንን ትጠብቂያለሽ?»

«አንድ ዓይናዋን» አለች።