የውሃ ልክ

ጋሽ ሽመክት ዛሬ ሰዓት መፍታት ትቶ፣
በወረንጦ ጥርሱ ቀዩን ክር ጎትቶ፣
ናይለኑ ላይ ቋጠረ፣ አምስቴ ጠምጥሞ፤
ከሥሩ ጨሌዋን፣ ከሷም ቡሹን ደግሞ፤
(ቡሹን በጋለ ሽቦ ትናንት ነው የበሳው፤)
እርሳስና መንጠቆ፣ አንዱንም አልረሳው።

«ቅዳሜ ዝዋይ ስንደርስ፣
ስትወረውሪ ቡሹ ከእርሳሱ ጋር ይበራል፤
ውሃ ላይ ሲያርፍ ግን ክሩ ይሾልክና
ይወርዳል፣ ይወርዳል፣
እዚች ቋጠሮ ላይ ሲደርስ በጨሌዋ ይያዛል።
ዓሣው ስንት ክንድ ላይ እንዳለ
ዓሣው ብቻ ያውቃል።
ሦስት ሜትር እንበለው።»

ሱቋ ሁለት አትሞላ፤
መንጠቆውን ይዤ ወጣሁ ወደ ኋላ፣
ፒያሳ፣ አስፋልት ዳር፣ ከወርቅ ቤቶቹ አንጻር።
አንዱ ዘሎት አለፈ፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ፤
ልብስ ሰፊው ብቅ አለ መቀሱን አንጠልጥሎ፤
ሎተሪ አዟሪዋ ክሩን አየችና
ፊቷ ተለወጠ፦
«ምን ትለካላችሁ? ይሄም ሊፈርስ ነው እንዴ?»

መንገዱ ዝም አለ፣ ለአንድ አፍታ።
«ውሃ ነው» አለ ጋሼ፣ ቀና ሳይል፣ በዝግታ።
ሴትዮዋ ሳቀች። ሰፊው ገባ።
እሱ ግን ቋጠሮውን በምራቁ አርሶ፣
አንድ ስንዝር ጨመረ
የቅድሙን ልክ አፍርሶ።