ባለ ሦስት እግሯ

ፊልሙ የታየው አንሶላ ላይ ነው፣
መምህርት ጥሩወርቅ ከቤቷ አምጥታ የሰቀለችው።
ጠርዙ ላይ ጥልፍ አለ፣ ወፍና ቅጠል፤
የፊልሙ ልጅ ሲሮጥ፣ ወፏን ይረግጣል።

እኔ ሸምሱ ጠራቢው፣ ከሥራ እንደወጣሁ፣
የዋንዛ ፍቅፋቂ ከሹራቤ ሳላራግፍ ገባሁ፤
በሩ ጥግ ተቀመጥኩ፣ ካልጣመኝ ልሾልክ።
የጅማ ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮ ይወቅጣል፤
ሰማይ እንዲህ ሲወርድ ሰው ምን ያወራል።

ፊልሙ የባዕድ ነው፣ ቋንቋውን አላውቅም።
ከስሩ ጽሑፍ ያልፋል፣ እሱንም አላውቅም፤
ነጭ ጉንዳን ይመስላል፣ ይመጣል ይሄዳል፣
አንዱን ሳልይዘው ሌላው ይከተላል።
ጎኔ ያለው ባለባጃጅ አንብቦ ሲስቅ፣
እኔም ዘግይቼ እስቃለሁ፣ እንዳይታወቅብኝ፤
ያን ጊዜ ነው
የልጄ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ የመሰለኝ።

ሙራድ ዐሥር ዓመቱ ነው።
ቦዬ ወርዶ ያየውን ጉማሬ በጭቃ ሲሠራው፣
ጆሮው የሚንቀሳቀስ ይመስላል ለሚያየው።
ፊደል ፊት ሲቆም ግን፣ ፊደል ይሸሸዋል፤
"መከረ" ይላል መጽሐፉ፣ እሱ "ከመረ" ይለዋል፤
"እንደገና!" ሲሉት፣ "ከረመ" ይለዋል።
ሦስቱም ቃል ሆኖ ሳለ፣ ሦስቱም አማርኛ፣
ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፣ "ደንቆሮ!" "ዳተኛ!"
ሦስት ዓመት ሙሉ
ምክር ተከመረበት፣ ምክር ከረመበት፣
እኔም ማታ ማታ፣ ከጣራው ሥር ከሰካሁበት
አርጩሜዬን መዝዤ...
ይቅር። ያ ይቅር።

አንድ ቀን መምህርቷ ሱቄ ድረስ መጣች፣
ደብተሩን ገልጣ ጮክ ብላ አነበበች፦
"አባቴ አርጩሜ ይሠራል።"
"በርጩማ ሊል ነው" አለች። ጥቂት ዝም አለች።
"ስሕተት ነው ግን፣ አባ ሙራድ?" ብላ ጠየቀች።
ምን እላለሁ እኔ፣
መላጊያዬን አየሁ፣ ስለቱን ዳሰስኩ፣
የሌለበትን ዝገት በአውራ ጣቴ ፈተግኩ።

እሷ ግን አልፈረደች፤ በርጩማ አነሣች፣
ልጁን በእጇ ጠርታ፣ ፊቱ አስቀመጠች፦
"ይቺን ታውቃታለህ፤ ቤታችሁ ሞልታለች፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እግር። ሐመሩ ሐ ናት።
አባትህ ሲጠርባት ነው የኖረው፣ ሳያውቃት።"
ሙራድ እግሮቿን ዳሰሰ፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ፣
ደግሞ ዳሰሰ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ደግሞ ዘንበል ብሎ።
ከዚያ ወዲያ ቁርጥራጭ ዋንዛ አልተጣለም ከቤት፤
ዓይኑ የጣለውን ፊደል፣ እጁ አነሣበት።

ፊልሙ ውስጥም እንዲሁ፣ አንድ መምህር አለ፣
ከልጁ ጋር ጭቃ ያቦካ፣ ቀለም የደፋ፣ የዋለ።
መጨረሻ ላይ ልጁ ወረቀት ይዞ ቆመ፣
አዳራሹ ሞልቷል። እናቱ ጣቷን ነከሰች።
ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል። አፉን ከፈተ፣
መብራት ጠፋ።

"ኧረ!" አለ ሰው ሁሉ። ፉጨት። ሳቅ። ጨለማ።
ዝናቡ ብቻ ነው ተራውን የሚያሰማ።
አንድ ትንሽ እጅ መጥታ መዳፌን ዘረጋች፣
በጥፍሯ ከላይ አንድ መስመር አሰመረች፣
ሦስት ደግሞ ወደ ታች።
"ማን ናት?" አለኝ በጆሮዬ።
አርባ ስድስት ዓመቴ ነው።
"ሐ" አልኩ።
እሱም "እ" አለ፣ እንደ መምህር፣ ኮስተር ብሎ።

መብራቱ በዚያች ሌሊት አልመጣም።
ልጁ ያንብብ አያንብብ እስከዛሬ አልሰማሁም፤
መምህርቷን ባገኛትም መጠየቅ አልፈለግሁም።

ሐሙስ ገበያ ላይ አንድ ገዢ በርጩማ ገልብጦ፣
ከታች የተቀረጸ አየ፣ በብልሃት ተሸጉጦ፦
"ይሄ ምንድነው? ማርካ ነው?"
"ማርካ ነው" አልኩት።
"ሙ" ናት። ጭረቷ በቀኝ መውጣት ሲገባት፣
ወደ ግራ ዞራለች።
አይቻታለሁ። ዛሬ እኔም አያታለሁ።
ከዋጋው ግን አምስት ብር አልቀነስኩለትም።