ይታይ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከሆቴል አዳራሽ፣
ስልሳ ሰው ተሰጣን፣ ጠያቂና መላሽ፤
ዲን አለ፣ ምክትል ዲን፣ የኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ሬጅስትራር፣ ፋይናንስ፣ በጀት ተንከባካቢ።
በአንገታችን ባጅ፣ በእጃችን ማርከር፣
«የለውጥ አመራር» ልንማር፣ ልንመከር።

ዶክተር ላምቤቦ ናቸው የሚያሠለጥኑን፣
በክብ፣ በሦስት ማዕዘን ሲያስረዱን ቀኑን።
«መሪ ማለት ጆሮ፣ ሥራ አስኪያጅ እጅ» አሉ።
ጻፍን። ከመስኮቱ ውጭ አባ ኮዳዎች አሉ፣
ራሰ በራዎች፣ ጥቁር ካባ የደረቡ፣
ከዓሣ ገበያው ጥግ ቆመው የሚያስቡ፤
ቃለ ጉባኤ የሚያጸድቁ፣
ሴኔት የመሰሉ።

እኔ ማስታወሻዬን ክፍሌ ረስቼ፣
ከቦርሳዬ ውስጥ አንድ ወረቀት ጎትቼ፣
በባዶው ጀርባ ላይ «ሞጁል ሁለት» ብዬ
ጀመርኩ፣ ቀስቱን፣ ክቡን፣ «ራዕይ» አስከትዬ።
ሻይ ሰዓት ሲደርስ ገልበጥ ባደርገው፣
ፊቱ ማመልከቻ። በጥቅምት የተጻፈው።

«ጉዳዩ፦ የውጤት እርማትን ይመለከታል፤
ፈተናውን ወስጃለሁ፣ ውጤቴ ግን ‹የለም› ይላል።
ምረቃዬ ሰኔ ነው…» ብላ ልጅቷ ጽፋለች።
ተረፈች ዳንጊሶ።
እውነትም ተርፋለች።

ኅዳጉ ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶዬ
አንዲት ቃል፣ ያቺኑ፦ «ይታይ»። ከነፊርማዬ።
ከፊርማው ሥር ስሜ፣ ዘርይሁን፣ ከነማኅተሙ።
ማን ይየው? አላልኩም። መቼ ይየው? አላልኩም።
ይታይ አልኩኝ እንጂ እኔው አላየሁም።

በሦስተኛው ቀን ላይ ድራማ መጣብን፤
ሚናው በዕጣ ሆነ፣ ዕጣውም ወጣብን።
ለወይዘሮ ሎሚታ የዲኑ ወንበር፣
ለእኔ ተማሪነት፣ ውጭ መቆም፣ ከበር፤
የግዥ ኃላፊው ጸሐፊ ሆነና
አንኳኳሁ። «ዲኗ አሉ?» እሱ ቀና አለና
(ማንም አልነገረው፣ ቃሉን አላጠና)
«ስልጠና ላይ ናቸው፤ ሰኞ ብቅ በልና…»

አዳራሹ ሳቀ። ዶክተሩም ሳቁ፣
መነጽር አውልቀው ዓይናቸውን አደረቁ።
እኔም ሳቅሁ፣ በጥርሴ። ሆዴ ኮሪደር ነው፤
አንዲት ልጅ ቆማለች ፋይል የታቀፈችው።

ማታ ለጸሐፊዬ፣ ለጥሩዓለም ደወልኩ።
«ማክሰኞ መጥታ ነበር» አለችኝ። «ምን አልሻት?» አልኩ።
«ያው እንደ ሁልጊዜው» አለችኝ በቀስታ፣
«እርስዎ እንዳስለመዱኝ።»
ወደቀ ዝምታ።

ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ጠልቃ ሳትጨርስ
አንድ ዓሣ አጥማጅ መጣ፣ መረቡ ሲፈርስ
ሲጎተት የዋለ። ከአሸዋው ቁጭ አለና
ቀዳዳውን አየ።
ሰፋው። ሌላም አየ። እሱንም ሰፋና
ወደ ቤቱ ሄደ።

እኔም ክፍሌ ገብቼ፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ሆኜ፣
በሆቴሉ ወረቀት፣ ጉልበቴ ጠረጴዛ ሆኖኝ፣
ውሳኔውን ጽፌ በስልክ ፎቶ ላክሁት።
ሦስት መስመር ነበረ።
ሰባት ወር የፈጀሁት።

ዓርብ ምስክር ወረቀት። ጭብጨባ። የቡድን ፎቶ።
አበል ፈርመን ተቀበልን፣ በተውሶ እስክሪብቶ።
የእኔን ገልጬ ባየው፣ በወርቃማ ቀለም፣
«ዘርሁን» ነው የሚለው። «ይ» የምትባል የለም።

«ይቅርታ፣ አንድ ፊደል…» ስል ለአስተባባሪዋ፣
ቀና ሳትል፣ እየቆጠረች የቀሩትን በጣትዋ፣
«ማመልከቻ ያስገቡ» አለች፣ «ይታይልዎታል።»
ምን ይባላል?

ዘርሁን ሆኜ ወጣሁ፣ ሻንጣዬን አንግቤ።
አባ ኮዳዎቹ አሁንም ቆመዋል፣ ጉባኤው አልተበተነም።
ፊደሏ የት እንደሄደች ሳልጠይቅ አውቃለሁ፤
በየማመልከቻው ኅዳግ፣ በቀይ ቀለም፣
ለአንዲት ቃል ሁለት ሁለት ስከፍላት ኖሬያለሁ።