ኖራ

ሰው ሲያናድደኝ ነበር፣ «ቆሽቴ አረረ» የምል፤
ፎርማን ሒሳብ ሲቀሽብ፣ ባለቤት ውል ሲያጓድል።
ዶክተሯ ግን ፊልሙን፣ ለመስኮቱ ብርሃን ሰጥታ፣
በእስክሪብቶ ጫፍ ጠቆመች፣ ነጫጭ ነጥቦች ያሉበትን ቦታ።
«ኖራ ቋጥሯል ቆሽትህ» አለች።
ሳቄ መጣ።
ሃያ ሁለት ዓመት ስለስን፣ የሰውን ቤት ግድግዳ፣
ለካስ በሆዴም ኖሯል፣ ሳላውቅ የለሰንኩት ጓዳ።

«ይድናል?»
«አይድንም። አብረኸው ትኖራለህ፤
እንደ ክፉ ጎረቤት፣ ድንበሩን አበጅተህ፣
መጠጡን ትተህ፣ ሲጋራውን ትተህ፣
ቅባቱን ቀንሰህ፣ ጥቂት ጥቂት በልተህ።
ይህችን እንክብል ደግሞ፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋራ፤
ቀድመህም አይደለም፣ ዘግይተህም አይደለም፤ አደራ።»
ቆሽቴ ሥራ ቢለቅ፣ በፈንታው የገባች ናት፤
የቀን ሠራተኛ፣ ሒሳቧን በፍሬ የምንቆጥርላት።

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ። ውኃ በሌሊት ይመጣል።
እሱም በሌሊት ይመጣል።
ከእምብርቴ በላይ ተነስቶ፣ እስከ ጀርባዬ ይዘልቃል።
ትራስ አቅፌ፣ ጉልበቴን ሰብስቤ፣ ወደ ፊት እደፋለሁ፤
ሸዋረገድ ጀሪካን ስትሞላ፣ የቧንቧውን ድምፅ እሰማለሁ።
«መጣብህ?» ትለኛለች።
«ውኃው ነው?» እላለሁ።

ፋርማሲው ሁሉ «አልቋል» ነው፣ ከቃሊቲ እስከ ሜክሲኮ፤
ስትገኝም ዋጋዋ፣ የሳምንት ልስን ነው እኮ።
ሸዋረገድ ትቆጥራለች፣ በሻማ ሣጥን ከታ፤
«ዛሬ ሽሮ ነው፣ ትቅርብኝ» ስላት፣
ዓይኗን ታፈጣለች፤ ታቀብለኛለች ፈትታ።

ቀጀላ፣ የአረቄ ባልንጀራዬ፣ ድሮ «አንድ ብቻ» የሚለኝ፣
በዕድራችን ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሊቀዳልኝ ሲል አየኝ፤
መዳፉን በብርጭቆዬ አፍ ላይ፣ ዝም ብሎ ከደነበት።
አረቄው በጣቶቹ መሀል ፈሰሰ፤ አልጠረገውም።
ሽታው ናፈቀኝ፣ አልዋሽም።
ፊቴን አዞርኩበት።

ዛሬ ለቀጠሮ ስወርድ፣ በሚኒባሱ ግፊያ መሀል፣
አንድ ጎረምሳ በረዳቱ ላይ፣ መልስ አጉድሎት ይጮሃል፤
«ቆሽቴን አሳረርከው!»
ዞር ብዬ አየሁት። ሆዱ ልጥፍ ያለ፣ ድምፁ ሙሉ።
«ቀስ በል፣ ልጄ» ልለው አልኩና
ኪሴን ዳበስኩ።
ሦስት ፍሬ።
ምሳ፣
እራት፣
የነገ ቁርስ።