አንድ ለሰባ ሁለት

እናቴ ቤቱን ልትሸጥ ነው፤ «ቆጡን አራግፍ» አለችኝ፣
መሰላሉን ከሥር ይዛ፣ ጫማዬን እያየችኝ።
ከገና ጌጥ ካርቶን ኋላ፣ ከአባቴ የዓሣ መረብ ሥር፣
የጫማ ሳጥን አገኘሁ፣ ሲባጎ የዞረው ዳር እስከ ዳር።
ውስጡ አንድ አውሮፕላን አለ፣
ከመዳፌ የማይበልጥ፣ አንድ ጎማው የጎደለ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።
የዱሉት ሐይቅ እንደ አስፋልት ጠጥሮ፣
የማዕድን መርከቦች ቆመው፣ ተንቀሳቃሹ ድልድይ ከርሮ፣
እኔም በረዶ ላይ ስንሸራተት፣ ግራ እግሬ ተሰብሮ፣
እስከ ጭኔ ጄሶ ለብሼ፣ መስኮት ሥር ተቀምጬ፣
የጎረቤት ጭስ ስቆጥር፣ ከልጅ ሁሉ ተቆርጬ፣
አባቴ ከወደብ ሲመለስ፣ ከካፖርቱ ኪስ አወጣ
ትንሽ ካርቶን። «ከላህቲ ሱቅ» አለና ሾርባውን ጠጣ።

ሽፋኑ ላይ ሰማይ ነዷል፣ ባሕሩ በጭስ ታፍኗል፤
አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ፣ ማዕበሉን በክንፉ ነክቷል።
ከፈትኩት።
እሳት የለ፣ ባሕር የለ፤
ግራጫ ፕላስቲክ ብቻ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠለ፤
ክንፍ በቁጥር፣ ጎማ በቁጥር፣ ወንበር በቁጥር፤
አብራሪውም ቁጥር ዐሥራ አራት፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነበር።

ቅዳሜ ኤይኖ ላህቲ ራሱ መጣ፣
ወረንጦና ምላጭ ይዞ፣
ሁለት ብልቃጥ ቀለም ደግሞ፣ እንዳይረጋ በካልሲ ጠቅልሎ።
«አትቸኩል» አለኝ፤ «ሙጫ ይዋሻል፤
የያዘ መስሎህ ስትለቀው፣ ክንፉ ቀስ ብሎ ይሸሻል።»
ከዚያ እየላገ ነገረኝ፣ ዓይኑን ከምላጩ ሳያነሣ፣
ይህ ነገር ከየት እንደመጣ፣ ከማን እጅ እንደተነሣ።

«እኔ ዐሥራ አምስት ሲሞላኝ፣ ጦርነቱ ተቀጣጥሎ፣
ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ፣ የባሕር ኃይል ማኅተም አዝሎ፦
‹ልጆች አውሮፕላን ይቅረፁ፣ ከጥድ እንጨት፣ በትክክል፤
ከእውነተኛው ሰባ ሁለት እጅ ያነሰ፣ ፀጉር የማያጎድል።›
ለጨዋታ አልነበረም።
ጥቁር እንቀባዋለን፤ በክር ከጣራ ይሰቅሉታል፤
ወታደር ከሥር ያንጋጥጣል፤ ‹የወዳጅ ነው? የጠላት?› ይሉታል።
የቀረጽኩት ሦስት ነበር፤ ሁለቱን መምህሩ ጣለ፤
‹ይህ አፍንጫ ይወፍራል፤ ሰው በዚህ ይሞታል› አለ።»

ዝም አለ። ብርጭቆ ወረቀቱን ክንፉ ላይ ሁለቴ ሳበ።
«ሰላም ሲሆን እንጨቱ ቀረ፤ ፋብሪካ ፕላስቲክ አቅልጦ
ያንኑ ለልጅ ሸጠው በሳንቲም፣ ቁጥር በቁጥር አስቀምጦ።
እኔም ሱቅ ከፈትኩ። እና አሁንም፣
አፍንጫ ላይ ስደርስ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

አብራሪውን በወረንጦ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው፤
የመስታወቱን ክዳን፣ «አንተ» አለኝ፣ «የመጨረሻው ነው።»
ትንፋሼን ያዝኩ። ሙጫ ጣቴ ላይ እንዳለ አላወቅሁም፤
ስጫነው አሻራዬ ቀረ፤ ብፈትገውም አልለቀቀም።
ያለቀስኩ ይመስለኛል። ላህቲ ግን መብራት ላይ ይዞ አየው፤
«ጉም ነው» አለ፤ «ሐይቅ ላይ የሚበር ሁሉ የሚያየው።»

ጄሶው በመጋቢት ተፈታ።
ከዚያ ብዙ ሠራሁ፣ መርከብም ታንክም፣ ከዚህ የተሻሉ፣
መስታወታቸው የጠራ፤ ዛሬ አንዳቸውም የሉ።
የላህቲ ሱቅ ጥርስ ሐኪም ቤት ሆኗል።

አሁን ቆጥ ውስጥ ተንበርክኬ፣ አውራ ጣቴን ጠጋ አድርጌ፣
ከአሻራው ጎን ለጎን፣ ላስተያየው ፈልጌ፣
ያው መስመር ነው፣ ያው ጠመዝማዛ፤ የኔው ጣት ብቻ ሰፍቷል።
ክንፉ አንድ ለሰባ ሁለት፣
ሞተሩ አንድ ለሰባ ሁለት፣
አብራሪው፣ ወንበሩ፣ የላህቲም ጦርነት
አንሶ አንሶ፣ ከጫማ ሳጥን ገብቷል።
አሻራው ግን አላነሰም።
የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አንድ ለአንድ።

«ምን አገኘህ?» አለች እናቴ፣ ከታች አንገቷን ቀና አድርጋ።
«ቆይ እስቲ፣ አንድ ጎማ ጠፍቶኛል» አልኳት።
ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤
ሁለት ደረጃ ወጥታ፣ የእጅ ባትሪውን አቀበለችኝ።