የአንገት ሂሳብ

ከሻርጃ ወደ ዱባይ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣
መኪና ለመኪና ሲጠጋጋ በፍርሃት፣
ፊት ያሉት ሲቆሙ ሹፌራችን ቆመ፤
ከኋላ ያለው ግን ስልኩ ላይ እንዳዘመመ
ደረሰብን።
አንድ ድምፅ ብቻ።
የልጁ ጡጦ ተወርውሮ መስታወቱን መታ፤
የእኔም ራስ ወደፊት ሄዶ ተመልሶ መጣ፤
መንገድ ላይ ግን የሆነ ነገር ረሳ።

«ኋላ የመጣ ቀንድ ጆሮን በለጠ» ሲሉ በእኛ ቀዬ
ተረት ይመስለኝ ነበር፣ እስኪሰካ በላዬ።

ፖሊሱ ደረሰ፣ ፎቶ አነሳ፣ ጻፈ፤
ለእኛ አረንጓዴ ወረቀት፣ ለዚያኛው ቀይ አሳለፈ።
ከኋላ የመታ ጥፋተኛ ነው፤
ሌላ ጥያቄ የለው።

በአራተኛው ቀን ፓራውልቱ ተቀየረ፤
ዋጋው በዝርዝር ላይ አስቀድሞ ነበረ፤
መብራቱ ይህን ያህል፣ የእጅ ዋጋ ተጨምሮ፤
«የቱ ጋ ነው ያመመህ?» ያለው የለም ተጠራጥሮ።

ለአንገት ግን ዝርዝር የለም።

ሳጂድ ይባላል የኢንሹራንሱ ሰው፤
ፊልሜን ወደ መስኮት ብርሃን አንስቶ አየው።
«አጥንት አልተሰበረም» ሲል ኑሪያ ተረጎመችልኝ፤
«ጅማት ነው፣ ይድናል ይልሻል» አለችኝ።
ይድን ይሆናል።
ትራስ ስገለብጥ የሚነጋው ሌሊት፣
የሕፃን ካልሲ ላነሳ ስጎነበስ ዓይኔ ውስጥ የሚበራው እሳት
ፊልም ላይ አይወጣም።

ኑሪያ የወሎ ልጅ ናት፣
የሰው አፍ ሆና ኖራለች አሥራ አራት ዓመት።
«ሽታዬ፣ ደብተር ግዢ፤ ያጣሽውን ጻፊ፤
ሕመሙን ለፈጣሪ፣ ደረሰኙን ለእነሱ አሳልፊ።»
ጻፍኩ። የኪኒን። የታክሲ፣ ሰባ ሁለት ድርሃም።
የሁለት ወር ደሞዝ። ማዳም ሑሳ ክፉ አይደለችም፣
ያልተሠራ ግን አይከፈልም።

ቀጥሎ የሐኪሞች ጉባኤ፣ ሦስት ሰዎች።
«ዙሪ።» እስከምችለው ዞርኩ።
«ቀና በይ።» ትንሽ ቀና አልኩ።
«ጎንበስ።»
ጎንበስ ማለትማ
ዘጠኝ ዓመት የተማርኩት ሙያ አይደል?
አምስት በመቶ ጎድሏል ብለው ማኅተም አደረጉ።
ማታ መስታወት ፊት ቆሜ አምስቱን ፈለግኩ፤
ማተቤ የሚያርፍበት ነው? ወይስ ጎረቤት ሲጠራኝ የማዞረው?
ዘጠና አምስቱስ፣ የማን ነው?

መጀመሪያ ሦስት ሺህ አሉ።
ኑሪያ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤
በልቤ የእናቴን ጣሪያ ቆርቆሮ መቁጠር ጀምሬ ነበር።
ጠበቃው «ብንከስ ሠላሳ ይገኛል፣
ግን ዓመት ይፈጃል» ይላል።
የመኖሪያ ፈቃዴ በአራት ወር ያልቃል፤
ይህንን ሳጂድም ያውቃል።
ሰባት አለ። ዘጠኝ ተኩል።
አሥራ አንድ ላይ ሁላችንም ዝም አልን፣
ማሽኑ ወረቀቱን እስኪተፋ ጠበቅን።

«ከእንግዲህ ወዲህ ምንም አልጠይቅም» ይላል ጽሑፉ።
ስሜን መጻፍ እያወቅኩ አውራ ጣቴን በቀለም ነከሩ።
ከአሥራ አንድ ሺው ጠበቃው ሃያ በመቶ አነሳ፤
ስምንት ሺህ ስምንት መቶ ይዤ ወጣሁ።

በሩ ላይ ኢርፋን ቆሟል፣ ያ የመታን፣
በፌስታል ብርቱካን ይዞ።
በዚያ ሳምንት ልጅ ተወልዶለት ኖሯል፣
ስልኩ ላይ ያየው ፎቶውን ነበር።
ለእኔም አሳየኝ፤ ዓይኑን የጨፈነ፣
አንገቱ ገና ያልጠና።
«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት፣ ከአንገት በላይ፤
ያልታመመው እሱ ብቻ ነበርና።

ብርቱካኑን ልጁ በላው።
አሁን ከኋላዬ «ሽታዬ!» ሲሉኝ
አንገቴን ብቻ አልልክም፤
ትከሻዬን፣ ወገቤን፣ እግሬን አንቀሳቅሼ
ሙሉ እኔ እዞራለሁ፣
ቀስ ብዬ፣
እንደ ከባድ መኪና።