ብርድ ልብስ የለበሰ ማሽን

ጥቅምት ነው፣ ማታ ነው፣ ደብረ ብርሃን ነው፤
ጣቴን እፍ እያልኩ ነው ብሎን የምፈታው።
ጠረጴዛዬ ላይ ሆዱን ከፍቶ ያለው
ወንድሜ እንዳልክ ነው በጨረታ ያገኘው፤
ከተዘጋ ቢሮ፣ ከነሙሉ አቧራው፣
ከነመለያው ጭምር፤ «ሒሳብ ክፍል» የሚለው።

ፕሮሰሰሩ አርጅቷል፣ ዐሥር ዓመት አልፎታል፤
አራት ኮር ብቻ ነው፤ ቢሆንም ቁልፉ ተከፍቷል፣
የሚደፍረው ካገኘ ከልኩ በላይ ይሮጣል።

እንዳልክ ሸዋ ሮቢት የሠርግ ፊልም ያቀናብራል፤
አንድ ሠርግ እስኪወጣ ሁለት ሌሊት ያድራል።
«ሙሽሮቹ ወልደው ክርስትና አስነሱ፣
ፊልሙ ስልሳ በመቶ፤ መቼ ነው መድረሱ?»
አዲስ እንዳይገዛ ዋጋው ጥማድ በሬ፤
«ይኸንኑ አፍጥኚው» ይለኛል እስከ ዛሬ።
ማፍጠኑስ ይቻላል።
የፈጠነ ይግላል።

አብራው የመጣችው ጠፍጣፋ ማራገቢያ
ለደመወዝ መዝገብ እንጂ ለሩጫ አትሆንም።
ሸዋንግዛው ሱቅ ሄድኩ፣ ከመነኻሪያው በላይ፤
ከመደርደሪያ አውርዶ ሁለት አስቀመጠ ባንኮኒው ላይ።

አንዱ ባለ መንታ ግንብ፣ ስድስት የመዳብ ቱቦ፣
«ይኼን ወስዶ የመለሰ የለም» አለኝ ኮርቶ።
የእናቴን የስፌት ሜትር ከኪሴ አወጣሁ፤
ከታች እስከ ጫፉ ሁለት ጊዜ ለካሁ፤
ዐሥራ ስድስት ተኩል። ኬዙ ዐሥራ ስድስት ነው።
«ክዳኑን ክፍት ተይዋ!»
የሮቢትን አቧራ ያላየ ሰው እንዲህ ነው።
ደግሞ ትከሻው ሰፊ፣ ሜሞሪው ላይ ይተኛል፤
መንገድ ላይ ሲናጥም ቦርዱን ያጎብጣል።

ሁለተኛው ባለ አንድ ግንብ፣ አራት ቱቦ፤
ዐሥራ አምስት ተኩል።
ግን የድሮው ቦርድ እግር ካርቶኑ ውስጥ የለም፤
ያለ እግር ደግሞ ማንም ቆሞ አይሠራም።
ሸዋንግዛው የብስኩት ቆርቆሮ ገለበጠ፤
ከብሎን፣ ከቁልፍ፣ ከአሮጌ ሳንቲም መሃል እግሩን መረጠ።
«ዐሥር ዓመት ጠብቆሻል» ብሎ ሳቀ።

ፔስቱ የምስር ፍሬ ያህል፤ ባቄላ አይደለም።
ብሎኑን በሰያፍ፣ በተራ፣ ሳልቸኩል አጠበቅሁ።
አራት ነጥብ አራት ጊጋኸርዝ ላይ ሰቀልኩት፤
አንድ ሠርግ ሙሉውን ጫንኩበት።
ሃምሳ ስምንት ዲግሪ!
ላጨበጭብ ስነሣ
በበሩ ስር የገባው ንፋስ ቁርጭምጭሚቴን ነካ፤
ለካ…
ይኼ የማን ሥራ ነው? የማራገቢያው ወይስ የከተማዬ?
ደብረ ብርሃን ላይ ማንም ይቀዘቅዛል።

ከአልጋዬ ብርድ ልብሱን ገፈፍኩ፣
እዚሁ የተሠራውን፣ ባለ ቀይ መስመሩን፤
ማሽኑን ከነጠረጴዛው እንደ ድንኳን አለበስኩት፣
የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይተንፍሰው ብዬ።
እኔ በነጠላ ጫማ እንቀጠቀጣለሁ፤ እሱ ብርድ ልብስ ለብሷል።
ሰባ። ሰማንያ ሁለት። ዘጠና አንድ። ዘጠና ስድስት፤
ሙሽራዋ ኬክ ልትቆርስ ቢላዋ እንዳነሣች
ደርቃ ቀረች።

ወደ አራት ነጥብ ሁለት ወረድኩ። ኬኩን ቆረሰች፤
አሁን ደግሞ ሚዜው እስክስታ ላይ ደረቀ።
አራት ነጥብ አንድ፤ ከቮልቴጁም ለአመል ቀነስኩ።
ዶሮ ሲጮህ ሰባ ዘጠኝ ላይ ነበር፣
ሠርጉ አልቆ፣ ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ገብተው።

ጠዋት በሚኒባስ ሰደድኩት፣ ከሹፌሩ ጎን፣
በዚያው ብርድ ልብስ ጠቅልዬ፤
የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል፣
ጆሮ እስኪደፈን ወርዶ።
ክዳኑ ላይ በማርከር ጻፍኩ፦
«ከአራት ነጥብ አንድ በላይ እንዳትነካው። ሽማግሌ ነው።»

እሑድ ቀትር ላይ ደወለ።
«እትዬ፣ ሠርጉ በአንድ ሌሊት ወጣ!»
ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን ይጮሃል…»
ሰማሁት በስልኩ፣ ከሮቢት ሙቀት ጋር ሲታገል፣
እንደ ንብ ቀፎ።

«ይጩህ» አልኩት። «ዝም ያለ ቀን ነው መደወል።
አሁን ብርድ ልብሴን ላክልኝ፤
እዚህ ሌሊቱ ውርጭ ነው።»